ገመዱ ከተፈታ በኋላ

ካፒቴን ታህሲን ዘንድሮ ሰባ አንድ ዓመት ሞላው። ከዚህ ውስጥ ሃምሳውን ባሕር ላይ አሳልፎታል፤ የቀረውንም ቢሆን ስለ ባሕር ሲያወራ ነው የጨረሰው። በእኛ መንደር፣ በቱርክ ባሕር ዳርቻ ባለችው ቦዝቡሩን ውስጥ፣ ካፒቴን የሚባል ሰው እንደ ፍየል ብዙ ነው፤ ድንጋይ ብትወረውር አንዱን ሳትመታ አትቀርም። "ካፒቴኑ" ሲባል ግን የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አጭር፣ ደንዳና፣ የአንገቱ ቆዳ ከፀሐይ ብዛት እንደ አሮጌ ጫማ የተሰነጣጠቀ ሰው ነው። በባሕር ጉዳይ ተሳስቶ አያውቅም፤ ተሳስቶ ቢሆን እንኳ አምኖ አያውቅም። ይህን ሚስቱ፣ አላህ ይዘንላትና፣ በሕይወት ሳለች ለሰማም ላልሰማም ስትናገረው ኖራለች።

ጀልባው "ዱዱ" ትባላለች። ሃያ ሁለት ሜትር የምትረዝም፣ ከጥድ የተሠራች ባለ ሁለት ምሰሶ የሸራ ጀልባ ናት። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ከተማ የሰለቻቸውን ሰዎች አሳፍራ በባሕሩ ዳርቻ ስታዞር ትከርማለች፤ ቅዳሜ ወጥታ በሳምንቱ ቅዳሜ ትመለሳለች።

ስሟ የሰው ስም ነው። ታህሲን በተወለደ በአሥራ አንደኛው ቀን እናቱ ሞተችና ጎረቤታቸው ዱዱ ወሰደችው። እሷም በዚያው ወር ረምዚ የሚባል ልጅ ወልዳ ነበር። አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ ጡቷ አድርጋ አሳደገቻቸው። አንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድማማቾች ናቸው፤ ይህ እኛ ዘንድ ወግ ብቻ አይደለም፣ አንዱ የሌላውን እህት ማግባት አይችልም። ዱዱ እስክትሞት ድረስ፣ "ቀኙ የረምዚ ነበር፣ ግራው የታህሲን፤ ለዚህ ነው የዚህ ልጅ ነገር ሁሉ ግራ የሆነው" እያለች ታስቅ ነበር።

ረምዚ አደገና ጀልባ ሠሪ ሆነ፤ ታህሲን ደግሞ ጀልባ ነጂ። ሁለቱም ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሆናቸው "ዱዱ"ን ሠሯት። ሠሯት ማለት ረምዚ ሠራት፣ ታህሲን እንጨት አቀበለ ማለት ነው። ለምሰሶዎቹ የሚሆኑትን ሁለት ጥዶች ረምዚ ራሱ ተራራ ወጥቶ መረጠ፤ ከመቶ ዛፍ ዘጠና ስምንቱን በመዳፉ እየመታ ናቃቸው። ቆርጦ አወረዳቸው፣ ሁለት ዓመት በጥላ አደረቃቸው፣ ከዚያ በመላጊያ እየላገ አድቦለቦላቸው። መጀመሪያ የወጡ ቀን ሞተር አላስነሱም። ሸራው ነፋስ ሲይዝ ረምዚ ትልቁን ምሰሶ አቅፎ ቆመና ማዶ ያለችው ከተማ ዳትቻ እስኪደርሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ታህሲን አይቶት ሳቀበት። ዛሬ ያ ሳቁ ትዝ ሲለው ደስ አይለውም።

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደ። እንግዶቹ ግን ተለወጡ። ሸራ ሲወጠር ጀልባ ማዘንበሏን የማይወዱ፣ ጥላና ማቀዝቀዣ የሚሹ፣ ትንሽ ስትወዛወዝ የሚያስታውኩ ሰዎች መጡ። ረጅም ምሰሶ ጀልባ ያወዛውዛል። በአንድ የካቲት ረምዚ ልጁን ሊጠይቅ ኢዝሚር እንደሄደ ታህሲን ከሌላ መንደር አናጢ አስመጣና ከትልቁ ምሰሶ አራት ሜትር አስቆረጠ። ሸራውን ጠቅልሎ ከታች አስገባው። ለምን ረምዚ በሌለበት እንዳደረገው ሰዎች ሲጠይቁት፣ "አናጢው ሌላ ቀን አይመቸውም ነበር" ይላል። እውነቱ ግን ረምዚን ፈርቶ ነው።

ረምዚ ተመልሶ ሲመጣ የተቆረጠው ግንድ የጀልባ መቆሚያው አጠገብ ተጋድሞ አገኘው። በቀጥታ ወደ ሻይ ቤቱ ሄደ። የመንደሩ ወንድ ሁሉ እዚያ ነበር።

"ማነው የቆረጠው?" አለ።

"እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት" አለ ታህሲን የሻይ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ። "ጀልባዋ የኔ አይደለችም እንዴ?"

"ጀልባዋማ ያንተ ናት። እሱ ግን እጄ ነው ታህሲን። እጄን ነው የቆረጥከው።"

ታህሲን እዚህ ላይ ዝም ቢል ነገሩ በሳምንት ይበርድ ነበር። ግን ሰው ሁሉ እያየው ነው፣ ጥፋቱንም ያውቀዋል፤ ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ አፉ ክፉ ነው።

"እጅህማ ሥራ ከፈታ ቆየ እኮ! በዚህ ዘመን የእንጨት ጀልባ የሚያሠራህ ማን አለና?"

የከፋው ነገር እውነት መሆኑ ነበር። ከረምዚ የጀልባ መሥሪያ ቤት አዲስ ጀልባ ከወረደ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ረምዚ ጀርባውን ሰጠው። ወጥቶ ሚስቱን ሙነቨርን ጠራት፤ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እሷ ይዘው ግንዱን እየተንገዳገዱ ወሰዱት። ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት በሁለት ድንጋይ ላይ አጋደመውና አግዳሚ ወንበር አደረገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ መቆሚያው አዙሮ ይውላል። "ዱዱ" ስትወጣ ያያታል፣ ስትመለስ ያያታል። ለታህሲን ግን ቃል አልተናገረም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ!

አሁን አንድ ነገር ልናገር። ባሕር የሚወጣ ሰው ገመድ ከመፈታቱ በፊት ከመንደሩ ጋር አፉ ይባባላል፣ ይቅር ይባባላል። "አፉ በለኝ" ይላል ወጪው፤ "አፉ ብያለሁ፣ አንተም በለኝ" ይላል ቀሪው፤ ያኛውም "ብያለሁ" ይላል። ባሕር ነውና ማን እንደሚመለስ አይታወቅም፤ ሰው የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይወጣም። ቃሉ እንደ መጋዝ ነው፣ ሁለት ሰው ካልያዘው አይሠራም። አንዱ ጠይቆ ሌላው ዝም ካለ ጠያቂውም አላገኘ፣ ዝም ያለውም አላገኘ። ገመዱ ተፈትቶ ከኋላ ውሃ ከተረጨ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ገድ የለውም፤ ቃል ያለው ቀድሞ ይጨርስ።

ታህሲን በየዓመቱ የመጀመሪያው ጉዞ ዋዜማ መንደሩን ይዞራል። ባለ ሻይ ቤቱን ባሕሪን፣ ኢማሙን፣ ባለ ሱቁን፣ የተጣላቸውንም ያልተጣላቸውንም አፉ ይላል። ከረምዚ መሥሪያ ቤት ሲደርስ ግን በማዶ በኩል ያልፋል። አሥራ ሁለት ዓመት በማዶ በኩል አለፈ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግንቦት፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ከአንካራ የመጡ ሰባት እንግዶች ሻንጣቸውን አስገቡ። ከመካከላቸው ወይዘሮ ሳይሜ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት ነበሩ፤ ካርታ ይዘው የመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። የጀልባዋ ወጥ ሠሪ ኢዘት አይቡን፣ ወይራውን፣ ሐብሐቡን እየቆጠረ ሲያስገባ አፉ እንደ ልማዱ አያርፍም።

"ካፒቴን፣ ዛሬ አግዳሚው ባዶ ነው። አይተዋል?"

"የምን አግዳሚ?"

"የምን አግዳሚ ይላሉ እንዴ! ኡስታ ረምዚ የለም። ታሞ ይሆን?" ኢዘት እንደ መንደሩ ሰው ባለሙያን "ኡስታ" ነው የሚለው።

"እኔ ጠባቂው ነኝ? ሐብሐቡን ጥላ ውስጥ አስገባ።"

አይቶ ነበር። ከመኝታው ተነስቶ መስኮት ሲከፍት ነው ያየው።

ሙነቨር የመዳብ ማሰሮዋን ውሃ ሞልታ መጣች። እሷ በጥሉ ውስጥ ገብታ አታውቅም፤ "እኔ ከማንም አልተጣላሁም፤ ግንድ ግን አሸክመውኛል" ትላለች። "ዱዱ" ስትወጣ ውሃ የምትረጨው እሷ ናት፤ ከአማቷ የወረሰችው ሥራ ነው።

"ሙነቨር፣ አፉ በይኝ።"

"አፉ ብያለሁ ወንድሜ፣ አንተም በለኝ።"

"ብያለሁ።"

እሷ ግን አልሄደችም። ማሰሮውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረች። "ወንድም ታህሲን፣ ረምዚ እኮ ሰሞኑን..."

"ሙነቨር፣ ተይኝ በጠዋቱ። ሰላሜን ይዤ ልውጣበት።"

አፏን ዘጋች። በዚያ ሳምንት ረምዚ ማርማሪስ ከተማ ሐኪም ቤት ደርሶ መመለሱን፣ ሐኪሙም ልቡን አይቶ ራሱን መነቅነቁን ልትነግረው ነበር። ታህሲን ይህን ያወቀው በኋላ ነው።

"ዱዱ" ኋላዋን ለመቆሚያው ሰጥታ፣ መልህቋን ከፊት ጥላ ነው የምትታሰረው። መሪው ያለው ኋላ ነው፤ ስለዚህ ስትወጣ ለመሬት ቅርቡ ሰው ካፒቴኑ ነው። ሞተሩ ተነሳ፣ ገመዶቹ ተፈቱ፣ የመልህቁ ሰንሰለት እየተሳበ ጀልባዋ መራቅ ጀመረች። ሙነቨር ውሃውን ረጨች። "እንደ ውሃ ሂዱ፣ እንደ ውሃ ተመለሱ!" አለች። የቆመው ሰው እጁን አውለበለበ።

ያን ጊዜ ነው ረምዚ የመጣው። በቤት ጫማ ነው፤ ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ ተጣብቋል። ለመሮጥ እየሞከረ፣ እንደገና ደረቱን ይዞ እየቆመ፣ ሰውን በክርኑ እየገፋ እስከ መቆሚያው ጫፍ መጣ። በእሱና በታህሲን መካከል አሥር እርምጃ የማይሞላ ውሃ ነበር።

"ታህሲን!" አለ ረምዚ። "አፉ በለኝ!"

ታህሲን ሰማው። ጥርት አድርጎ ነው የሰማው። ድምፁ ሻከር ያለ ነው እንጂ ያው የልጅነቱ ድምፅ ነበር። ልቡ መጀመሪያ በደስታ ዘለለ፤ አፉም ሊከፈት ነበር። ከዚያ ያ አሥራ ሁለት ዓመት መጣ። ሚስቱ ስትሞት እንኳ ረምዚ ከቀብሩ ዳር ቆሞ ሳያናግረው መሄዱ መጣ። ሰዉም እያየ ነው። አሁን መጣህ? አለ በሆዱ። አሥራ ሁለት ዓመት እኔን አስጠበቅኸኝ፤ አንተ ደግሞ አንድ ሳምንት ብትጠብቅ አትሞትም።

እንዲህ ነው ያለው። አትሞትም ነው ያለው።

እጁን አንስቶ የቆቡን ጫፍ ነካ አደረገ፤ ሌላው እጁ ሞተሩን ገፋው። ሞተሩ አጓራ። ረምዚ እንደገና አፉን ሲከፍት ታየ፤ ጀልባዋ ግን ርቃ ነበር።

ኢዘት ከወጥ ቤቱ ቀዳዳ አንገቱን አወጣ። "ካፒቴን! ኡስታ ረምዚ እየጠራዎት ነው!"

"ሞተሩ ነው። ምንም አይሰማም።"

"እኔ እኮ ከዚህ ከታች ሰማሁት!"

"እንግዲያው ጆሮህን ይዘህ ወደ ሽንኩርትህ ተመለስ።"

የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ታህሲን ደስ ብሎት ነዳ። ያፏጭ ነበር፤ ኢዘት ካፒቴኑ ሲያፏጭ የሰማው ያን ቀን ብቻ ነው። ረምዚ ተሸነፈ! ቀድሞ የመጣው እሱ ነው፤ ይህን መንደሩ ሁሉ አየ። ቀትር ላይ ግን ፉጨቱ ቆመ። ምሳ ቀረበለት፣ ዓሣውን በሹካ እያገላበጠ ተወው። በቤት ጫማ መምጣቱ ነበር ከዓይኑ ያልጠፋው። ረምዚ ንጹሕ ሰው ነው፤ በቤት ጫማ ከደጁ ወጥቶ አያውቅም።

ወይዘሮ ሳይሜ ካርታቸውን አጣጥፈው ወደ መሪው መጡ። "ካፒቴን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የሸራ ጀልባ ነው ተብሎ ነው የተነገረን። ሸራው የት አለ?"

"ከታች ነው፣ እመቤቴ።"

"ታዲያ ይሄ ምሰሶ ምን ያደርጋል?"

"ባንዲራ ይሰቀልበታል" አለ ታህሲን። ኢዘት ሳቀ፤ ወይዘሮ ሳይሜም ሳቁ። ታህሲን ቀና ብሎ የምሰሶውን ጫፍ አየው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ዱልዱም ጫፍ ሳያይ ነው የኖረው።

በሦስተኛው ቀን ዳትቻ ገቡ። ታህሲን ወደ ገበያ ወጥቶ አንድ ከረጢት ለውዝ ይዞ ተመለሰ፤ ከነቅርፊቱ፣ ከዛፍ የሚለቀመውን የዳትቻውን ለውዝ። ረምዚ ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን ለውዝ በጥርሱ ሲሰብር ዱዱ ትቆጣው ነበር። ኢዘት ከረጢቱን አይቶ ምንም ሳይነገረው ገባው።

"ካፒቴን፣ ስልክ ለምን አይደውሉም? ለሙነቨር ይደውሉና ታገናኝዎት።"

"ይሄ ነገር በስልክ አይባልም። ፊት ለፊት ነው። ግንባሩን ስሜ ነው የምለው።"

"ነገር ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። እናቴ ትለው ነበር።"

"ቅዳሜ ሩቅ ነው እንዴ? ሰኞ ነው ዛሬ። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው አምስት ቀን ያቅተዋል?"

ኢዘት ትከሻውን ነቀነቀ። ታህሲን ግን ያን ማታ መለማመድ ጀመረ። "ረምዚ፣ አፉ ብያለሁ፤ አንተም በለኝ። የምሰሶውን ነገር..." እዚያ ላይ ይደናቀፋል። ምሰሶውን በተመለከተ ምን እንደሚል አላወቀውም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ክኒዶስ፣ አሮጌው ወደብ ውስጥ መልህቅ ጥለው ቁርስ ላይ ነበሩ። የኢዘት ስልክ ጮኸ። ባለ ሻይ ቤቱ ባሕሪ ነው። ኢዘት አዳመጠ፣ ሻዩን አስቀመጠ፣ ከዚያ እጁን በሽርጡ ሲጠርግ ቆየ።

"ካፒቴን" አለ በመጨረሻ፣ "ኡስታ ረምዚ ንጋት ላይ አረፈ። ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ይቀበራል።"

ታህሲን አልጮኸም። ከረጢቱ የት እንዳለ ጠየቀ። ለምን እንደጠየቀ እሱም አያውቅም። ወይዘሮ ሳይሜ ሰምተው ኖሮ ተነሱ። "ይሂዱ እንጂ ካፒቴን፣ ምን ይጠብቃሉ? እኛን አይመልከቱ፤ ባሕሩ የትም አይሄድም" አሉ። ሌሎቹም እንግዶች ሳህናቸውን ሰበሰቡ።

መልህቁ ወጣ። ነፋሱ ከኋላ ነበር፣ ከሰሜን ምዕራብ፣ ጠንካራና የማያቋርጥ። ለሸራ የተፈጠረ ነፋስ ነው። ድሮ በዚህ ነፋስ "ዱዱ" ሸራዋን ሙሉ አድርጋ ስትሮጥ በአካባቢው የሚቀድማት አልነበረም። አሁን ነፋሱ እያለፋት ይሄዳል፣ እሷ በሞተሯ እያጓራች ትንፏቀቃለች። ታህሲን ሰዓቱን አየ፣ ምሰሶውን አየ። "ሙሉ ብትሆን ኖሮ አሁን ግማሽ መንገድ ላይ ነበርን" አለ። ሰባት ሰዓት ሙሉ መሪውን ለማንም አልሰጠም። የሞተሩ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ፤ ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት በላይ "አፉ በለኝ" የሚለውን ይሰማ ነበር። ሞተር ምንም እንደማይጋርድ ያን ጊዜ አወቀ።

ሲደርሱ ሶላቱ አልቆ ነበር። ሬሳው በመስጊዱ ግቢ ድንጋይ ላይ፣ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ታህሲን በባሕር ልብሱ፣ ጨው በደረቀበት ፊቱ ከኋላ ቆመ። ኢማሙ ዞሩ።

"ሟቹን እንዴት ታውቁታላችሁ?"

"በደግ እናውቀዋለን!" አለ ሕዝቡ።

"ሐቃችሁን አፉ ትሉታላችሁ?"

"አፉ ብለናል!"

የታህሲን አፍ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ኢማሙ ሁለተኛ ጠየቁ፤ ሕዝቡ መለሰ። ሦስተኛ ጠየቁ። ሕዝቡ መልሶ ጨርሶ፣ ሬሳውን ሊያነሱ እጅ ሲዘረጋ፣ ከኋላ ብቻውን፣ "አፉ ብያለሁ!" የሚል ጩኸት ወጣ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ታህሲን ይህን ተረት በራሱ ላይ ሲተርት ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ከቀብር መልስ ሰዉ አጽናናው። "ሞተሩ ነው እኮ፤ እንዴት ትሰማዋለህ?" አለው ባሕሪ። "አንተ ብትሰማ ዝም አትልም ነበር" አሉት ኢማሙ። ታህሲን እንደ መስማማት ራሱን ነቀነቀ። ዝም አለ።

ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት የለውዙን ከረጢት ይዞ ወደ ሙነቨር ቤት ሄደ። በመሥሪያ ቤቱ በኩል ማለፍ ነበረበት፤ በዚህኛው በኩል አለፈ። አግዳሚው ከድንጋዮቹ ወርዶ እንጨት ሲጋዝ የሚጋደምባቸው ሁለት ባለ አራት እግር ፍየሎች ላይ ተቀምጧል። አንዱ ጫፉ በረጅም ሰያፍ እስከ ግማሽ ድረስ ተጋዝቷል፤ መጋዙ ስንጥቁ ውስጥ እንዳለ ቀርቷል። ከሥሩ ትኩስ ሰጋቱራ ተከምሯል። ታህሲን አናጢ ባይሆንም ይህን ሰያፍ አቆራረጥ ያውቀዋል። ሁለት እንጨት ሊቀጠል ሲል ነው እንዲህ የሚቆረጠው።

ሙነቨር በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር።

"ከሐኪም ቤት እንደተመለሰ ነው የጀመረው" አለች። "'ታህሲን እሺ ካለኝ እቀጥልለታለሁ፤ እንጨቱ አልሞተም' አለኝ። አንተ የወጣህ ጠዋትም እሱን ሲጋዝ ቆይቶ ነው ሳያስበው የመሸበት... ማለቴ የረፈደበት። ሞተርህን ሲሰማ ነው ሮጦ የወጣው።"

"አላህ ያጽናሽ" አለ ታህሲን።

"አሜን። ግባ፣ ተቀመጥ።"

አልገባም። ከረጢቱን መሬት ላይ አኖረው። ሰው የሰጠው ምክንያት አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሞተሩ ነው ቢል ማንም አይጠይቀውም፣ ዕድሜውን ሙሉ ተሸፍኖበት ይኖራል።

"ሙነቨር፣ ሰምቼው ነበር።"

እሷ ጎንበስ ብላ ከረጢቱን አነሳች። ከዚያ፣ "አውቃለሁ" አለች። "አጠገቡ ቆሜ ነበር እኮ። ቆብህን ስትነካ አይቻለሁ።"

"ለእሱስ ነገርሽው?"

"ነገርኩት እንጂ። 'ሰምቶሃል፣ ሆን ብሎ ነው ዝም ያለህ፤ ከእንግዲህ ለእሱ እንጨት አትጋዝ' አልኩት። ተቆጣኝ። በአርባ ዓመት ትዳር እንዲያ ተቆጥቶኝ አያውቅም። 'ታህሲን ቢሰማኝ ኖሮ ይመልስልኝ ነበር፤ ወንድሜን የማውቀው እኔ ነኝ' አለኝና መጋዙን ይዞ ወጣ።"

ታህሲን እዚያው ደጁ ላይ፣ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠ። በአደባባይ ሲያለቅስ ያየው ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን መንደሩ አየው። ሙነቨርም አላጽናናችውም። ሲበቃው ቀና ብሎ፣ "በእሱ ፈንታ አፉ በይኝ" አላት።

"የራሴን ብዬሃለሁ ወንድሜ" አለች። "የእሱን ግን ከየት አምጥቼ ልስጥህ?"

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። ግንዱ ፍየሎቹ ላይ እንዳለ ነው፣ መጋዙም ዝጎ እንደተሰካ አለ። አንድ ሁለት አናጢ እኛ እንጨርሰው ብለው ጠይቀዋል፤ ታህሲን እሺ አላለም፣ ሙነቨርም አላነሳችውም። "ዱዱ" አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ትወጣለች። ሙነቨር በማሰሮዋ ውሃ ትረጫለች፣ "እንደ ውሃ ሂዱ፣ እንደ ውሃ ተመለሱ" ትላለች። ለምን እንደማትተወው ጠይቀናት፣ "ጀልባዋ የአማቴ ስም ናት" አለችን።

ታህሲን ግን ገመድ ሲፈታ ሞተር አያስነሳም። ወጣት ካፒቴኖች ይስቁበታል፤ ነፋስ ቢመጣ ድንጋዩ ላይ ይጥላታል ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ጀልባዋ በመልህቋ ሰንሰለት እየተሳበች ቀስ ብላ ትወጣለች። እንግዶቹ ሞተሩ የተበላሸ ይመስላቸዋል። እሱ ቆቡን አውልቆ፣ ፊቱን ወደ መቆሚያው አዙሮ ይቆማል። ከባሕሪ ሻይ ቤት የሚንኳኳው ማንኪያ እንኳ ይሰማል።

"ካፒቴን፣ ሰንሰለቱ አልቋል" ይለዋል ኢዘት ከፊት ሆኖ።

ታህሲን ጥቂት ይቆይና ቆቡን አድርጎ ሞተሩን ያስነሳል።